የትምህርት ቤቶች እግር ኳስ ዳኝነት፡- የተሻሻሉት ሕጎች ከፊሽካው በፊት ሊደርሱ ይገባል

ደብረ ወርቅ፡- ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በእግር ኳስ ተገናኝተዋል እንበል። ጨዋታው ሊጠናቀቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት በመምራት ላይ ያለው ቡድን ግብ ጠባቂ ኳሷን በእጁ ይዞ ጊዜ ያባክናል። ዳኛው ፊሽካ ይነፋና በኮሌጅ በተማረው መሠረት ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ይሰጣል። የተጋጣሚው ቡድን አሠልጣኝ በበኩሉ ባለፈው ሳምንት በቴሌቪዥን የተመለከተውን አስታውሶ "የማዕዘን ምት ነው" ሲል ይቃወማል። ተማሪዎች ወደ ሜዳ ይገባሉ፤ ጨዋታውም ይቋረጣል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ያሉት ሁለቱም ወገኖች ቅን ናቸው። የሚለያዩት በያዙት የሕግ እትም ብቻ ነው። ቀድሞ ግብ ጠባቂ ኳስን በእጁ ከ6 ሰከንድ በላይ ከያዘ ቅጣቱ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ነበር። ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ግን ጊዜው ወደ 8 ሰከንድ ከፍ ብሎ ቅጣቱ የማዕዘን ምት ሆኗል። ዳኛውም የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች እጁን አንስቶ በጣቶቹ በመቁጠር ማሳየት ይጠበቅበታል።

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የእናርጅ እናውጋ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ደብረ ወርቅና በመሰል የደጋ ከተሞች የትምህርት ቤት ውድድር የተማሪዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከዙሪያው ቀበሌዎች ስንቃቸውን ይዘው መጥተው በከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ከከተማው ልጆች ጋር በአንድ ማሊያ የሚሰለፉበት መድረክ ነው። በአዘጋጅ ኮሚቴው ውስጥ የትምህርት፣ የስፖርት፣ የጤናና የፖሊስ ባለሙያዎች ተቀምጠው ስለሚገኙ በሜዳ ላይ የሚፈጸም ስህተት በመጨረሻ ወደ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ መምጣቱ አይቀርም።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር በርካታ ትምህርት ቤቶች ከመማር ማስተማር ሥራ ውጭ ሆነው መቆየታቸው ይታወቃል። ትምህርት በሚቀጥልበት ስፍራ ሁሉ ስፖርት ተማሪውን ወደ ግቢው ከሚስቡት ነገሮች አንዱ በመሆኑ ውድድሩ በአግባቡ መመራቱ ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አለው።

ሕጉን ማን ያሻሽላል? መቼስ ይጸናል?

የእግር ኳስ የጨዋታ ሕግ 17 አንቀጾች አሉት። ሕጉን የሚያወጣውና የሚያሻሽለው እ.ኤ.አ. በ1886 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበራት ቦርድ ነው። በቦርዱ ውስጥ የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ ማኅበራት እያንዳንዳቸው አንድ፣ ፊፋ ደግሞ አራት ድምፅ አላቸው። ማሻሻያ የሚጸድቀው ከ8ቱ ድምፆች ቢያንስ 6ቱን ሲያገኝ ነው።

የጸደቀ ማሻሻያ በመደበኛነት ሥራ ላይ የሚውለው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ነው። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 24 ሲሆን ትምህርት ቤቶች የዓመቱን ሥራ አጠናቀው ለክረምት ከሚዘጉበት ጊዜ ጋር ይቀራረባል። በመሆኑም አዲሱ ሕግ ከጸናበት ዕለት አንስቶ መስከረም ላይ ትምህርት እስኪከፈት ድረስ ከሁለት ወራት ያላነሰ ጊዜ አለ። ይህ ጊዜ ያለ ሥራ ካለፈ መምህሩ ማሻሻያውን የሚሰማው በሜዳ ላይ ከሚቃወመው ሰው ይሆናል።

ሊታወቁ የሚገባቸው ዋና ዋና ማሻሻያዎች

በትምህርት ቤት ጨዋታዎች ላይ የሚዳኙት አብዛኛውን ጊዜ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ናቸው። ከአሥር ዓመት በፊት የተመረቀ መምህር ከተማረው ውስጥ በርካታው ተለውጧል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ሰፊ ማሻሻያ የጨዋታ መጀመሪያ ምት ወደ የትኛውም አቅጣጫ እንዲመታ ተፈቅዷል። በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ኳስን ለመጫወት በሚደረግ እውነተኛ ሙከራ ግልጽ የግብ ዕድል ያበላሸ ተከላካይ በቀይ ካርድ ምትክ ቢጫ ካርድ እንዲያይ ተወስኗል፤ ፍጹም ቅጣት ምቱ ግን እንዳለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የመልስ ምት ከክልሉ እስኪወጣ መጠበቅ ቀርቷል፤ ኳሷ ተመትታ በግልጽ ከተንቀሳቀሰች በጨዋታ ላይ ናት። የሚቀየር ተጫዋች በአቅራቢያው ባለው መስመር ይወጣል። ሦስትና ከዚያ በላይ ተከላካዮች ግድግዳ ሲሠሩ አጥቂዎች ቢያንስ አንድ ሜትር መራቅ አለባቸው። ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ ግብ ጠባቂው ቢያንስ የአንድ እግሩ ከፊል በግቡ መስመር ላይ ወይም ትይዩ እንዲሆን ይጠበቃል። ከዚያው ዓመት ጀምሮ አሠልጣኞችና የቡድን መሪዎችም የቢጫና የቀይ ካርድ ቅጣት ይመለከታቸዋል።

ብዙ ክርክር የሚያስነሳው የእጅ ንክኪም ድንበሩ ተለይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ክንድ የሚባለው ከብብት ግርጌ በታች ያለው ክፍል ሲሆን ትከሻ የነካ ኳስ እንደ እጅ አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የቡድን ጓደኛ ሳያስብ በእጁ የነካት ኳስ ለሌላው ተጫዋች ደርሳ ግብ ብትቆጠር ግቡ ይጸድቃል። ግቡን ያስቆጠረው ራሱ ንክኪውን የፈጸመው ተጫዋች ከሆነ ግን ሳያስብ ያደረገው ቢሆንም ይሻራል።

ዳኛው ጨዋታ አቋርጦ መሬት ላይ የሚያነጥራት ኳስም እንደ ቀድሞው የሁለት ተጫዋቾች መሻሚያ መሆኗ ቀርቷል። በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ለተከላካዩ ቡድን ግብ ጠባቂ ትሰጣለች። ከክልሉ ውጭ ሲሆን ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ኳሷን ሊያገኝ የነበረው ቡድን ለዳኛው ግልጽ ከሆነ ለዚያ ቡድን፣ ካልሆነ በመጨረሻ ለነካው ቡድን ትሰጣለች። ሌሎቹ ተጫዋቾች 4 ሜትር ይርቃሉ።

ለወጣቶች የተፈቀደ ልዩነት

ሕጉ ራሱ ለታዳጊዎችና ለወጣቶች ውድድር የተወሰኑ ማስተካከያዎችን ይፈቅዳል። ፈቃዱን የሚሰጠው የሀገሪቱ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲሆን በሚፈቅደው ልክ የሜዳውን ስፋት፣ የኳሷን መጠንና ክብደት፣ የግቡን ስፋትና ከፍታ እንዲሁም የጨዋታውን ጊዜ መቀነስ ይቻላል። ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ ማድረግና በቢጫ ካርድ ምትክ ወይም ከቢጫ ካርድ ጋር ለተወሰኑ ደቂቃዎች ከሜዳ ማስወጣትም ይቻላል። የዚህ ጊዜያዊ ቅጣት ርዝመት ከጠቅላላው የጨዋታ ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ይመከራል፤ ለ80 ደቂቃ ጨዋታ 8 ደቂቃ እንደ ማለት ነው።

ይሁንና እነዚህ ማስተካከያዎች በውድድር ደንቡ ውስጥ አስቀድመው መጻፍ አለባቸው። "ዛሬ መሽቷልና 30፣ 30 ደቂቃ ይሁን" የሚል ውሳኔ ከዕረፍት በኋላ ሊተላለፍ አይችልም። የጨዋታ ጊዜ የሚያጥረው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በተደረገና ደንቡ በሚፈቅደው ስምምነት ብቻ ነው።

በዳኝነት ቅድሚያ የሚሰጣቸው ጉዳዮች

በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውድድር ማኅበራት ብሔራዊ ፌዴሬሽን በየዓመቱ ከሕግ ማሻሻያው ጋር ዳኞች ልዩ ትኩረት የሚያደርጉባቸውን ጥቂት ነጥቦች ለይቶ ያሳውቃል። አሠራሩ ወጪ የማይጠይቅ በመሆኑ በወረዳ ደረጃም ሊተገበር ይችላል። ለደጋው አካባቢ ትምህርት ቤቶች የሚስማሙ ሦስት ነጥቦችን መለየት ይቻላል።

የመጀመሪያው የተማሪው ደኅንነት ነው። ሕጉ ማሊያ፣ ቁምጣ፣ ካልሲ፣ የቅልጥም መከላከያና ጫማን ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የቅልጥም መከላከያው መጠንና ተስማሚነት የተጫዋቹ ኃላፊነት መሆኑ ተደንግጓል። ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ ለመጣ የገጠር ተማሪ ግን ይህ ኃላፊነት ከአቅሙ በላይ ነው። ዳኛው ልጁን ቢያስወጣው ሕጉን አክብሯል፤ ቢያስገባው ደግሞ ታኬታ ካደረገ ልጅ ጋር አጋጭቶታል። ይህ ጥያቄ በሜዳ ላይ የሚመለስ ሳይሆን በበጀት ዝግጅት ጊዜ የሚመለስ ነው። ትምህርት ቤቱ ከቡድን ወደ ቡድን የሚተላለፉ ጥቂት ጥንድ ታኬታዎችና የቅልጥም መከላከያዎች ቢኖሩት ችግሩ በእጅጉ ይቃለላል።

ሐብል፣ ቀለበት፣ አምባርና ጉትቻ መውለቅ አለባቸው፤ በፕላስተር መሸፈን አይፈቀድም። ሕጉ ማተብን በስም አይጠቅስም። ሆኖም ከማተቡ ላይ የተንጠለጠለ የብረት መስቀል በግጭት ጊዜ ሊጎዳ ስለሚችል ጉዳዩ ለእምነቱ የሚገባው አክብሮት ተሰጥቶ ከጨዋታው በፊት ከአሠልጣኙ ጋር መነጋገሪያ ሊሆን ይገባል። በተመልካች ፊት የልጅን አንገት መፈተሽ ለዳኛውም ለተማሪውም አይበጅም። የራስ መሸፈኛ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በቅድመ ሁኔታ የተፈቀደ ነው። ለስፖርት የተሠራ መነጽርን በሚመለከትም ሕጉ ዳኞች በተለይ ለወጣቶች ገር እንዲሆኑ ያሳስባል።

ጭንቅላቱን የተመታ ተማሪ ራሱን ካዞረው፣ ካስመለሰው፣ ግራ ከተጋባ ወይም ሚዛኑን ከሳተ ያን ዕለት ወደ ጨዋታ መመለስ የለበትም። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ውድድሮች ለዚህ ጉዳት ተጨማሪ ቅያሪ እንዲፈቅዱ አማራጭ ተሰጥቷቸዋል። በዚያው ዓመት ፊፋና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ የማስገንዘቢያ ዘመቻ ጀምረዋል። ዳኛው ሐኪም ባለመሆኑ ከሜዳው ጥግ አንድ የጤና ባለሙያ እንዲገኝ ማድረግ የአዘጋጁ ድርሻ ነው።

የጎጃም ደጋ ነጎድጓድም ሊዘነጋ አይገባም። ዳኛው በአደጋ ምክንያት ጨዋታን የማቆም፣ የማቋረጥ ሥልጣን አለው። ነጎድጓድ እንደተሰማ ተጫዋቾችንና ተመልካቾችን ወደ መማሪያ ክፍል ማስገባት፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ በብዙ ቦታ የሚሠራበት ጥንቃቄ ነው። በሜዳው ዳር ባለው የባሕር ዛፍ ሥር መጠለል ግን ራሱ አደጋ ነው። ከባሕር ዛፍ የተሠሩ የግብ ቋሚዎች በመሬት ውስጥ መጥበቃቸውና ያፈጠጠ ሚስማር የሌለባቸው መሆኑም በቅድሚያ ሊረጋገጥ ይገባል።

ሁለተኛው ነጥብ መከባበር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን የአምበልነት መለያ ያሠረ አምበል በሜዳ ላይ እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል። ከዚህ ጋር ዳኛውን ማነጋገር የሚችለው አምበሉ ብቻ እንዲሆን ውድድሮች ሊመርጡት የሚችሉት አሠራር ተዘጋጅቷል። አምበሉ ግብ ጠባቂ ከሆነ ሌላ ተጫዋች ይወከላል። ዳኛው መምህራቸው በሆነበት የትምህርት ቤት ጨዋታ ይህ አሠራር ከፍተኛ ጠቀሜታ አለው፤ በሜዳ ላይ የተሰደበ መምህር በማግሥቱ በክፍል ውስጥ የሚገጥመውን መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው ወጥነት ነው። በጠዋቱ ጨዋታ በቢጫ ካርድ የታለፈ ጥፋት ከሰዓት በኋላ በቀይ ካርድ ከተቀጣ ሕጉን ጠቅሶ ማሳመን አይቻልም። ዳኞች ከየዕለቱ ጨዋታ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች ተቀምጠው ውሳኔዎቻቸውን ቢያነጻጽሩ ልዩነቱን ያጠባሉ።

የጽሕፈት ቤቶች ድርሻ

ለኃላፊዎች መታወቅ ያለበት አንድ ድንጋጌ አለ። ግብ መቆጠር አለመቆጠሩንና የጨዋታውን ውጤት ጨምሮ ከጨዋታው ጋር በተያያዙ ጭብጦች ላይ ዳኛው የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው። ኮሚቴው የተጫዋች ተገቢነትን ወይም የዲሲፕሊን ጥፋትን አስመልክቶ የተያዘ ክስ ሊመረምር ይችላል፤ የጸደቀን ግብ ግን በስብሰባ አይሽርም። ይህን ድንበር ማክበር ኃላፊውን ከአላስፈላጊ ጫና፣ ዳኛውንም ከስልክ ጥሪ ይጠብቃል።

ከዚህ አኳያ የሚፈለገው ሥራ ቀላል ነው። የዓመቱን ማሻሻያ በአንድ ገጽ በአማርኛ አዘጋጅቶ በነሐሴ ወር ለትምህርት ቤቶች መላክ፣ ውድድሩ በተጀመረበት ዕለት ዳኞችን፣ አሠልጣኞችንና አምበሎችን ለግማሽ ሰዓት ሰብስቦ ማወያየት፣ የተፈቀዱ ማስተካከያዎችን በደንቡ ውስጥ ማስፈርና ለተማሪዎች ትጥቅ አነስተኛ በጀት መያዝ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ዋንጫ ላይ ባምላክ ተሰማን፣ እ.ኤ.አ. በ2015ና በ2019 የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች ላይ ደግሞ ልድያ ታፈሰን የመሳሰሉ ዳኞችን አሰልፋለች። በወረዳ ሜዳ ላይ ፊሽካ የያዘው መምህር የሚሠራበት ሕግ ከእነርሱ የተለየ አይደለም። የሚለየው መረጃው የሚደርስበት ጊዜ ነው። "ሳይቃጠል በቅጠል" እንዲሉ በመግቢያው የተጠቀሰው የግብ ጠባቂው ውዝግብ ነሐሴ ላይ በተላከ አንድ ገጽ ወረቀት ሊቀር ይችል ነበር።