ደንበኛን መለየት፦ በሮቤና በጎባ የንግድ ቤቶች በር የሚገባው ማን ነው?

በባሌ ደጋ ገበያው የሚተነፍሰው ከእርሻው ጋር ነው። በሲናናና በአጋርፋ ሜዳዎች አርሶ አደሩ በበልግም በመኸርም ያመርታል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፣ ሁለት ጊዜም ያጭዳል። ኮምባይነሮች ወደ ማሳ በሚወርዱባቸውና ስንዴውና ገብሱ በሚሸጥባቸው ሳምንታት የሮቤ ሱቆች ይደምቃሉ። የዘር ወቅት ሲቃረብ ደግሞ ያው ገንዘብ ወደ ማዳበሪያ፣ ወደ ምርጥ ዘርና ወደ ትራክተር ኪራይ ይዞራል። ይህን ዑደት ያላስተዋለ ነጋዴ፣ ገዢ በሌለበት ወር መደርደሪያውን ሞልቶ፣ ገዢ በመጣበት ሳምንት ባዶ እጁን ሊገኝ ይችላል።

ከዚህ ዑደት በተጨማሪ ሮቤና ጎባ ሌሎች እንግዶችም አሏቸው። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና መምህር ያመጣል። የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ሕሙማንንና አስታማሚዎችን ከሩቅ ወረዳዎች ይስባል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ደግሞ የአካባቢው ስም ከቀድሞው ይልቅ በስፋት መጠራት ጀምሯል። እንግዳው እንዲህ የተለያየ በሆነበት አካባቢ ሁሉንም በአንድ ዓይነት መስተንግዶ መቀበል ፍትሐዊ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ማንንም በሚገባ አያስደስትም።

ደንበኛን በየፍላጎቱ ለይቶ የመመደብ አሠራር በዓለም የንግድ ትምህርት ውስጥ የራሱን ስም ካገኘ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዌንዴል ስሚዝ የተባሉ አሜሪካዊ የገበያ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ገበያ ማለት አንድ ወጥ ሕዝብ ሳይሆን የየራሳቸው ፍላጎት ያላቸው የትንንሽ ገበያዎች ስብስብ መሆኑን አስረድተዋል። ሐሳቡ ለእኛ አገር ባለሱቅ እንግዳ አይደለም። በዱቤ መዝገቡ ላይ «ይህ በየወሩ መጨረሻ ይከፍላል፣ ያኛው እህል ሲሸጥ ይከፍላል» ብሎ የሚጽፍ ነጋዴ፣ ስሙን ሳያውቀው ደንበኞቹን ሲመድብ ኖሯል።

አማካይ ደንበኛ የለም

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እናንሣ። በጎባ ወይም በሮቤ 12 ክፍሎች ያሉት አንድ ፔንሲዮን በአንድ ወር ውስጥ 100 እንግዶችን አስተናገደ እንበል። ከእነዚህ ውስጥ 45ቱ ለአንድ ሌሊት የሚያድሩ የእህል ነጋዴዎችና የጭነት መኪና አሽከርካሪዎች ናቸው። 25ቱ ለሥልጠናና ለመንግሥት ሥራ መጥተው አራት ሌሊት ይቆያሉ። 20ዎቹ በሆስፒታል የተኛ ዘመድ ያላቸው አስታማሚዎች ሲሆኑ ሦስት ሌሊት ያድራሉ። የቀሩት 10 እንግዶች ፓርኩን ለመጎብኘት መጥተው ሁለት ሌሊት ያርፋሉ።

ባለቤቱ የእንግዶቹን ቁጥር ብቻ ቢመለከት፣ ዋናው ደንበኛዬ ነጋዴውና አሽከርካሪው ነው ብሎ ይደመድማል። ሌሊቶቹን ቢቆጥር ግን መልሱ ይለወጣል። ነጋዴዎቹና አሽከርካሪዎቹ 45 ሌሊት፣ ሠልጣኞቹ 100 ሌሊት፣ አስታማሚዎቹ 60 ሌሊት፣ ጎብኚዎቹ 20 ሌሊት አድረዋል። በድምሩ 225 ሌሊት መሆኑ ነው። ከእንግዶቹ ሩብ የሆኑት ሠልጣኞች ከሌሊቶቹ ግማሽ ለመሙላት ጥቂት የቀራቸውን ይዘዋል ማለት ነው። አንድ እንግዳ በአማካይ የሚያድረው ደግሞ 2 ነጥብ 25 ሌሊት ነው። ይሁን እንጂ ከአራቱ ምድቦች አንዱም እንኳ 2 ነጥብ 25 ሌሊት አያድርም። ለአማካዩ ተብሎ የተዘጋጀ ቤት፣ ለማንም ያልተዘጋጀ ቤት ይሆናል።

«ማን ነው?» ከማለት በፊት «ለምን መጣ?»

ደንበኛን በዕድሜ፣ በፆታ፣ በመኖሪያ ቦታ ወይም በገቢ መመደብ ይቻላል። ለአገልግሎት ሰጪ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ የመጣበት ጉዳይ ነው። ጉዳዩ ሲታወቅ የሚያስፈልገው ነገርም ይታወቃል፤ ብዙውን ጊዜም ከፍ ያለ ወጪ አይጠይቅም።

ፓርኩን ሊያይ የመጣውን እንግዳ እንውሰድ። በዓለም ላይ ከ500 በታች እንደሚሆኑ ከሚገመቱት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። ቀይ ቀበሮ አይጦችን የሚያድነው በቀን ብርሃን በመሆኑ ጎብኚው በማለዳ ተነሥቶ ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ መውጣት ይፈልጋል። አምባው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ቱሉ ዲምቱ የተባለው ጫፍ 4 ሺህ 377 ሜትር ይደርሳል። ለዚህ እንግዳ ከሰፊ ቴሌቪዥን ይልቅ በንጋት የሚደርስ ቁርስ፣ ተጠቅልሎ የሚያዝ ምሳ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስና ማታ ሲመለስ ሙቅ ውኃ ይበልጥበታል።

አስታማሚው ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። ሐሳቡ በሆስፒታሉ አልጋ ላይ ነው፤ ስንት ቀን እንደሚቆይም አያውቅም። ለእርሱ ጥሩ መስተንግዶ ማለት በየዕለቱ የሚከፈል ዋጋ፣ ለሕመምተኛው አጥሚት ወይም ሾርባ የሚያሞቅበት ምድጃና ሌሊት ቢጠራ የሚከፍትለት ዘበኛ ነው። ሠልጣኙ ደግሞ ሕጋዊ ደረሰኝ፣ የሚሠራ ኢንተርኔትና ልብስ የሚታጠብበት አገልግሎት ይሻል። አሽከርካሪው መኪናውን የሚያሳድርበት ጥበቃ ያለው ግቢ ካላገኘ፣ የአልጋው ንጽሕና ብቻ አያስቀረውም።

የሃይማኖት ጉዳይም በዚህ አካባቢ መታወቅ ያለበት ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን በሚኖሩበት በባሌ፣ ሥጋው በማን እንደታረደ በግልጽ የማይናገር ምግብ ቤት ደንበኛውን ጥርጣሬ ላይ ይጥላል። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ፣ በረመዳን ደግሞ በማፍጠሪያ ሰዓት የተዘጋጀ ማዕድ ማቅረብ የደንበኛን ኑሮ የማወቅ ምልክት ነው። ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሄዱ ተጓዦች በሮቤ በኩል በሚያልፉበት ወቅት፣ ለቡድን የሚሆን ማደሪያና ለሶላት የሚበቃ ንጹሕ ቦታ ያሰናዳ ቤት በቀጣዩ ጉዞም ይታወሳል። የማስታወቂያ ሰሌዳና የምግብ ዝርዝር በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ መጻፉም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

ያው ሰው፣ ሌላ ደንበኛ

ምድብ በሰው ግንባር ላይ የተጻፈ ምልክት አይደለም። አንድ የሲናና አርሶ አደር በዓመት ውስጥ አራት ዓይነት ደንበኛ ሊሆን ይችላል። በዘር ወቅት ወደ ግብዓት መደብር ሲመጣ ዋጋ ያወዳድራል፤ ለመወሰንም ጊዜ አለው። በስንዴው ላይ ዋግ በታየበት ዕለት ሲመጣ ግን የሚያስጨንቀው ጊዜ ነው፤ መድኃኒቱ መኖሩን፣ መጠኑንና አረጫጨቱን በቶሎ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ምርቱን ከሸጠ በኋላ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ወይም የልጆች ልብስ ሊገዛ ይመጣል። ቤተሰብ ሲታመምበት ደግሞ የጎባ ፔንሲዮን እንግዳ ይሆናል።

ስለዚህ አስተዋይ የግብዓት ነጋዴ ደንበኛውን «ትልቅ ገበሬ፣ ትንሽ ገበሬ» ብሎ ብቻ አይከፍልም። የተረጋጋውን ገዢና የተጣደፈውን ገዢ ይለያል። ለተረጋጋው የዋጋና የዓይነት ማነጻጸሪያ ያቀርባል፤ ለተጣደፈው ወረፋ ሳያስጠብቅ የሚያስተናግድ ሠራተኛ ይመድባል። በዋግ ወቅት አንድ ቀን መዘግየት ከማሳ ምርት ላይ የሚቀነስ በመሆኑ፣ ይህ ልዩነት ለአርሶ አደሩ የአንድ ወቅት ድካም ጉዳይ ነው።

ከወለድ ነፃ ባንክ የሚገኘው ትምህርት

ደንበኛን አለማወቅ ምን ያህል ሰው ከአገልግሎት ውጭ እንደሚያስቀር የሚያሳይ ምሳሌ በአገራችን የባንክ ታሪክ ውስጥ አለ። በርካታ ሙስሊም ኢትዮጵያውያን ወለድ መክፈልም ሆነ መቀበል ከእምነታቸው ጋር ስለሚጋጭ ከባንክ ርቀው ወይም የባንክን አገልግሎት በከፊል ብቻ እየተጠቀሙ ኖረዋል። ከሩቅ ለሚያይ «የቁጠባ ልማድ የሌለው» ሊመስል የሚችለው ይህ ኅብረተሰብ፣ በእህል፣ በከብትና በወርቅ ሀብቱን ያኖር ነበር። ችግሩ የነበረው በደንበኛው ላይ ሳይሆን በቀረበለት አገልግሎት ላይ ነው።

ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎትን በመስኮት ደረጃ እንዲሰጡ ፈቀደ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች የሚቋቋሙበት በር ተከፈተ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሂጅራ ባንክም ተከተለ። ነባሮቹ ባንኮችም ለዚህ አገልግሎት የተለዩ ቅርንጫፎችን ከፈቱ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለሮቤ ባለሱቅም ይሠራል፤ ወደ ቤቱ የማይገባውን ሰው «ገዢ አይደለም» ከማለቱ በፊት ያልገባበትን ምክንያት ይጠይቅ።

ከደብተር ይጀመራል

ይህን ሥራ ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ደብተርና አንድ ወር ይበቃል። በእያንዳንዱ ቀን አራት ነገሮች ይመዘገባሉ፦ ደንበኛው የመጣበት ጉዳይ፣ የገዛው ነገር ወይም የቆየበት ጊዜ፣ ጠይቆ ያጣው ነገርና ተመልሶ የመጣ ስለመሆኑ። ከእነዚህ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሆኖም ሰው የገዛውን ካሽ መመዝገቢያው ይናገራል፤ አጥቶ የሄደውን ግን ካልተጻፈ ማንም አያስታውሰውም።

በወሩ መጨረሻ ተመሳሳይ ጉዳይ ያላቸው አንድ ላይ ይሰበሰባሉ። ከሦስት እስከ አምስት ምድብ ለአነስተኛ ድርጅት በቂ ነው፤ ከዚያ ከበዛ ሠራተኛው አያስታውሰውም። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ምድብ አንድ ማሻሻያ ብቻ ይመረጥና በሚቀጥለው ወር ይሞከራል። ውጤቱ የሚመዘነው በምስጋና ቃል ብቻ አይደለም። ተመልሰው የመጡት ጨምረዋል ወይ? አጥተው የሄዱትስ ቀንሰዋል ወይ? መልሱ «የለም» ከሆነ ማሻሻያው ይለወጣል። በባሌ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአጨዳ ወርን ከዘር ወር ጋር ማወዳደር ያሳስታል፤ የዘንድሮው መኸር መወዳደር ያለበት ካለፈው መኸር ጋር ነው።

በቴሌብርና በባንክ የሚፈጸም ክፍያ በራሱ መዝገብ ስለሚተው ሥራውን ያቀልላል። ሆኖም የደንበኛ ስልክ ቁጥርና የግል መረጃ ባለቤት አለው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግ ጉዳይም ሆኗል። የማያስፈልግን መረጃ አለመሰብሰብ፣ የተሰበሰበውንም ለሌላ አሳልፎ አለመስጠት ይገባል።

መለየት ማበላለጥ አይደለም

የዚህ አሠራር ትልቁ አደጋ ሰውን በመልኩና በልብሱ ወደ መመዘን ሊያዘነብል መቻሉ ነው። ጭቃ የነካው ቡትስ አድርጎ የገባ አርሶ አደር በር ላይ ሲጠብቅ ከረባት ያሰረ ሰው ቀድሞ ከተስተናገደ፣ ያ ደንበኛን ማወቅ ሳይሆን መናቅ ነው። በምርት መሸጫ ሳምንት የዕለቱን ትልቁን ግዢ ይዞ የመጣው ያ አርሶ አደር ሊሆን እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም።

ሕጉም በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በማንኛውም ነጋዴ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ደንግጓል። ዕቃ መርጦ ወይም በዋጋ ተከራክሮ በመመለሱም እንዲገዛ አይገደድም። እንግዲህ ከደንበኛ ወደ ደንበኛ ሊለያይ የሚገባው የሚቀርበው አገልግሎት ነው፤ አክብሮቱ ለሁሉም እኩል ነው።

አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት ለዚህ ነው። ፊቱን ለሁሉም አብርቶ መቀበል የመጀመሪያው ግዴታ ሲሆን፣ ፍትፍቱን ለእያንዳንዱ እንደሚስማማው ማቅረብ ደግሞ ዕውቀት ይጠይቃል። የሮቤና የጎባ ነጋዴዎች ይህን ዕውቀት ለመሰብሰብ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። ነገ ጠዋት ለሚገባው የመጀመሪያ ደንበኛ «ምን ጉዳይ አመጣዎት?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መጻፍ በቂ ጅምር ነው።