ስለ ልባሽ ጨርቅና ስለ ልብስ ቅማል

ከባሕር ማዶ በቦንዳ ታስሮ ለቸርቻሪ ሱቆች በጅምላ የሚከፋፈለውን ሰልባጅ ብዙ ሰዎች የተስቦ ምንጭ ነው እያሉ ይፈሩታል። ፍርሃቱ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። የልብስ ቅማል የሰው ደም ካላገኘ ከአንድ ሳምንት በላይ አይቆይም፤ ቦንዳው ግን በመርከብና በመጋዘን ብዙ ሳምንታት ያሳልፋል። ይልቅስ የሚያሰጋው፣ እዚሁ ከሰው ገላ ወልቆ፣ ሳይታጠብ ከቦንዳው ልብስ ጋር ተደባልቆ የሚሸጠው ነው።

ሻርል ኒኮል የተባለው ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. በቱኒስ ከተማ ተስቦን የሚያስተላልፈው ቅማል መሆኑን የደረሰበት፣ በሽተኞች ታጥበው ልብሳቸውን ከለወጡ በኋላ በሽታው ወደ ሌላ ሰው አለመተላለፉን አስተውሎ ነው።

ቅማል እንቁላሏን የምትጥለው በስፌቱ ላይ ስለሆነ፣ የተገዛው ልብስ በፈላ ውኃ ይቀቀል። ሱፍ ግን በፈላ ውኃ ይኮማተራልና ስፌቱ በጋለ ካውያ ይተኮስ፤ እኔም በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ያሰናዳሁትን ያገለገለ ካፖርት ሦስት ክረምት ለብሼዋለሁ።