ለሰቆጣ ዳገት የሚሆን ብስክሌት ከአሮጌ ዕቃ

ዕቃ ቤታችሁን እስኪ ክፈቱ። ልጁ በቁመት ያለፈው፣ ጎማው የተነፈሰ፣ ሰንሰለቱ የዛገ ብስክሌት ከአሮጌ ፍራሽ ጀርባ ተደግፎ ይሆናል። ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት አስቡበት፤ ከሁለት አሮጌ ብስክሌቶች አንድ ጥሩ ብስክሌት ይወጣል።

ሙያዬ ገበያ ነው። በሙያችን ቶሎ የምንማረው ርካሽ ዋጋና አነስተኛ ወጪ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። የትኛውን ዕቃ አሮጌ፣ የትኛውን አዲስ እንደምትገዙ የሚወስነው የምትነዱበት ቦታ ነው።

ሜዳማዋ ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት የዘወትር መጓጓዣ ነው። የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ሰቆጣ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በተራሮች መካከል ናት። ደጋው ለብስክሌት አይሆንም ማለት አይደለም፤ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የመቀሌ ልጅ ነው። ነገር ግን ዳገቱ ማርሽ፣ ቁልቁለቱ ፍሬን ይጠይቃል። ሰቆጣ ለምትኖሩ፣ ወይም እዚያ ላለ የእህት ልጅ ብስክሌት ለምታዘጋጁ፣ ስሌቱ እንዲህ ነው።

አሮጌ ቢሆን ችግር የሌለው

ቴላዮ፣ መሪ፣ መቀመጫ እና ፔዳል አሮጌ ቢሆኑ አይጎዱም። አዲስ አበባ ያላችሁ የተጣለ ብረት ዳግም ነፍስ የሚዘራበትን የመርካቶውን ምናለሽ ተራ ጎብኙ፤ ሌላ ቦታ ያላችሁ ብስክሌት ጠጋኞችን ጠይቁ። በቴላዮው ላይ ከቀለሙ ይልቅ ብየዳውን ተመልከቱ። መገጣጠሚያው ላይ ቀጭን የስንጥቅ መስመር ካያችሁ ተዉት። ልኩን በልጁ ለኩ፦ ሁለት እግሩን መሬት አስረግጦ ሲቆም ከላይኛው ብረት በላይ ሁለት ሦስት ጣት ክፍተት ይኑር። “ያድግበታል” ብሎ ሰፊ መግዛት ለጫማ ይሠራ ይሆናል፤ ለብስክሌት ግን አደጋ ነው።

ጎማ ስትገዙ “26” የሚለውን ብቻ አትመኑ። ጎኑ ላይ 50-559 ዓይነት ጽሑፍ አለ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች ከቸርኬው ጋር መመሳሰል አለባቸው። 559 እና 590 ሁለቱም “26” ይባላሉ፤ አንዱ ለሌላው ግን አይገባም።

ማርሹን በጥርስ ቁጠሩ

ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ ያለው ባለ 26 ብስክሌት ፔዳሉ አንዴ ሲዞር 5 ሜትር ያህል ይሄዳል። ለሜዳ ግሩም ነው፤ ዳገት ላይ ግን ወርዶ መግፋት ይመጣል። ከፊት 28፣ ከኋላም 28 ከሆነ 2 ሜትር ያህል ብቻ ይሄዳል፤ ጉልበት ግን ይቆጥባል። ስለዚህ ለሰቆጣ ባለ ብዙ ማርሽ የተራራ ብስክሌት ፈልጋችሁ ፍቱ።

አዲስ የሚገዛው

የፍሬን ላስቲክና ገመድ ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ። የጎኑ ላስቲክ የተሰነጣጠቀ ጎማም ይቀየር። ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለኩ፦ ከአንዱ ፒን ተነስታችሁ እስከ 24ኛው ቀጣይ ፒን 30.5 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። 30.8 ከደረሰ ተለጥጧልና ጣሉት፤ አለዚያ የማርሹን ጥርስ ይበላል። ሄልሜትም በአሮጌ አይገዛም፤ አንዴ ተመትቶ እንደሆነ ከላይ አይታወቅም።

ከመንዳት በፊት

ኩሽኔታዎቹን በነጭ ጋዝ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ግራሶ ቀቡ። የግራው ፔዳል የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። በኃይል ወደ ቀኝ ብታጠብቁት ጥርሱ ይበላሻል።

በመጨረሻም የፊቱን ፍሬን ጨብጣችሁ ብስክሌቱን ወደፊት ግፉ፤ የኋላው ጎማ ከመሬት መነሳት አለበት። የኋላውን ጨብጣችሁ ስትገፉ ደግሞ ጎማው መንሸራተት እንጂ መዞር የለበትም። ይህን ካላለፈ ለልጁ አትስጡት። መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ቀጥሎ አጭር ተዳፋት ላይ አብራችሁት ሁናችሁ ይሞክረው። በአሮጌ ቴላዮ ያተረፋችሁትን ገንዘብ ለፍሬን አውጡት፤ ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ልጁን የሚያቆመው እሱ ነው።