ለአደን የሚሆን መኪና እንዴት ይገዛል? እንዴትስ ይሰናዳል?

ቀድሞ ወደ ቆላ ለአደን የሚወርድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመርጠው በቅሎውን ነበር። በቅሎ የሚገዛ አዋቂም የኮርቻውን ጌጥ ተመልክቶ ገንዘቡን አይቆጥርም፤ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ እግሯን አንሥቶ ሰኮናዋን ይመረምራል፤ ዳገት አውጥቶ፥ ቁልቁለት አውርዶ ይፈትናታል። ዛሬ በበቅሎ ፈንታ መኪና ገብቷል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ያንን የአባቶቹን ጥንቃቄ ትቶ የቀለሙን ማማርና የመብራቱን ብዛት አይቶ ይገዛል። ጉዳቱም የሚታወቀው ከከተማ ርቆ፥ ጥላ በሌለበት በረሃ ቆሞ፥ ውሃው ሲያልቅ ነው። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ለአደንም ለእርሻም የሚያገለግል መኪና ስለሚገዛበትና ስለሚሰናዳበት መንገድ ጥቂት ምክር እናቀርባለን። የምክራችን ሁሉ ራስ አንድ ነው፤ መልካም የአደን መኪና የሚባለው ከበረሃው የሚያደርሰው ብቻ ሳይሆን ከበረሃው የሚመልሰው ነው።

ከእርሻ የተወለደ መኪና

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር የተገለገለበት ዊሊስ ጂፕ አራቱም ጎማው የሚስብ ትንሽ መኪና ምን ሊሠራ እንደሚችል ለዓለም አሳየ። ከጦርነቱ በኋላ የእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በአንግልሲ ደሴት ባለው ርስቱ በጂፕ ይሠራ ስለ ነበር ለገበሬ የሚስማማ መኪና ለመሥራት አሰበ፤ ላንድሮቨርም እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየ። በጊዜው የብረት እጥረት ስለ ነበር ገላው በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ የሞተሩንም ኃይል ተቀብሎ የእርሻ መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ ክፍል ሊገጠምለት ይችል ነበር። የጃፓኑ ቶዮታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 ተመሳሳይ መኪና ሠርቶ በ1954 ላንድክሩዘር የሚል ስም ሰጠው፤ ዛሬ በምሥራቅ አፍሪቃ ገጠር በብዛት የሚታየው ባለ 70 ቁጥሩ ዐይነት በ1984 የወጣ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዓመት ውስጥ የአደን ቀኖች ጥቂት ናቸው፤ የሥራ ቀኖች ግን ብዙ ናቸው። ለአደን ብቻ ተብሎ የተገዛ መኪና አሥር ወር ቆሞ ባትሪው ይደክማል፤ ጎማው ይሰነጠቃል። ማዳበሪያ የሚያመላልስ፥ እህል ገበያ የሚያወጣ፥ ሌሊት የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ መኪና ግን ጉድለቱ በየቀኑ ስለሚታወቅ በየጊዜው ይጠገናል፤ የአደኑም ወራት ሲደርስ ባለቤቱን አያሳፍርም። ስለዚህ ገዥው በመጀመሪያ ለዓመቱ ሥራ የሚበቃውን ይምረጥ፤ ከዚያ በኋላ ለአደን ያሰናዳው።

ስለ ግዢው

በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ወሰነ፥ ከውጭ ለማስመጣት ያሰበ ሰው ያሰበው ዐይነት የሚፈቀድ መሆኑን አስቀድሞ ከጉምሩክ ይጠይቅ። በአገር ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ የሚከተለውን ያስተውል።

አንደኛ፥ በሚኖርበት አውራጃ ብዙ ሰው የሚነዳውን ዐይነት ይምረጥ። መለዋወጫው በቅርቡ ከተማ የሚገኝ፥ የገጠሩም መካኒክ የሚያውቀው አሮጌ መኪና፥ ዕቃው ከባሕር ማዶ ከሚጠበቅለት አዲስ መኪና ይሻላል።

ሁለተኛ፥ ከመኪናው ሥር ይተኛና ቴላዮውን ይመልከት። ቴላዮ የመኪናው የጀርባ አጥንት ነው፤ ሞተር ይለወጣል፥ ቀለም ይቀባል፤ የተሰነጠቀና በብየዳ የተጠጋገነ ቴላዮ ግን በድንጋያማ መንገድ ላይ ይከዳል። በባሕር ዳርና በጨው ምድር የሠራ መኪና ዝገቱን ከቀለም በታች ይደብቃልና በመዶሻ ቀስ አድርጎ እየመታ ድምፁን ያዳምጥ። በቴላዮውና በሞተሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር በሊብሬው ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑንም ያረጋግጥ።

ሦስተኛ፥ ሞተሩ ሳይሞቅ በማለዳ ሄዶ ሲነሣ ይይ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀው ምክንያቱን ይጠርጥር። ጢሱ ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በዝቷል ወይም የአየሩ ፊልትሮ ታፍኗል፤ ከሞቀም በኋላ ነጭ ጢስ ካላቋረጠ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ እንደ ወተት ነጣ ካለ ከውሃ ጋር ተቀላቅሏልና ግዢውን ይተው።

አራተኛ፥ በደጋ ብቻ ፈትኖ አይመን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፥ ተርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ ከኃይሉ ወደ አንድ ዐሥረኛ እንደሚያጣ ሲታሰብ በዚያ መድከሙ ብቻ በሽታ አይደለም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ በደጋው ብርድ ደኅና ሆኖ የታየ ራዲያተር በቆላው ሙቀት ውሃ ሊያፈላ ይችላል። ስለዚህ ሙሉ ጭነት ጭኖ፥ በቀትር፥ ረጅም ዳገት በዝግታ አውጥቶ የሙቀቱን መቁጠሪያ ይመልከት። ፎር ዊሉንና ከባዱን ማርሽም በልል አፈር ላይ አስገብቶ ይሞክር፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ዲፈረንሻሉን ስለሚጎዳ አይሞክረው።

ስለ ስንቁና ስለ መሣሪያው

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ገና በአሸዋ መንዳት ሳይማሩ ዊንችና የጣራ መብራት የሚገጥሙ ብዙዎች ናቸው። የመጀመሪያው ብር መውጣት የሚገባው ለጎማ ነው። አምስተኛውን ብቻ ሳይሆን ስድስተኛ ጎማም ይያዝ፤ እሾህ የበዛበት ቆላ በአንድ ቀን ሁለት ጎማ ሊበሳ ይችላልና። መለጠፊያ፥ ካላማዳሪያና የአየር መንፊያም ይጨመር። በአሸዋ ሲገቡ የጎማውን አየር እስከ ግማሽ ቀንሶ በዝግታ መንዳት ከብዙ ቁፋሮ ያድናል፤ ወደ ጠንካራ መንገድ ሲመለሱ ግን ሳይነፉ መፍጠን ጎማውን ያቃጥላል፥ መኪናውንም ይገለብጣል።

ክሪክ ያለ ሳንቃ ከንቱ ነው። በመረሬ አፈር ውስጥ የተተከለ ክሪክ መኪናውን ከማንሣት ይልቅ ራሱ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ወፍራም ሳንቃ፥ አካፋ፥ መጥረቢያና ጠንካራ የመጎተቻ ገመድ አይለዩ። የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ ሰው ስለሚገድል በሚጎተትበት ጊዜ ማንም በአጠገቡ አይቁም። ቺንጋ፥ የነዳጅና የአየር ፊልትሮ፥ የራዲያተር ቱቦ፥ ፊውዝ፥ ዘይት፥ ካቻቢቴና ፒንሳ በአንድ ሣጥን ይቀመጡ።

የውሃው ነገር በቁጥር ይታሰብ እንጂ በግምት አይተው። ለምሳሌ አራት ሰዎች ለሦስት ቀን ቢወርዱ፥ ለአንድ ሰው በቀን 6 ሊትር ቢታሰብ 72 ሊትር ይሆናል። ለራዲያተርና ለክፉ ቀን 28 ሊትር ቢጨመር 100 ሊትር፥ ማለት አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ይህ ብቻ 100 ኪሎ ይመዝናል፤ ሰዎቹ 300 ኪሎ ያህል፥ ሦስት ጀሪካን ናፍጣ 50 ኪሎ ያህል ይሆናሉ። ጎማው፥ መሣሪያው፥ ድንኳኑና ምግቡ 150 ኪሎ ቢሆን፥ አንድም እንስሳ ሳይጫን ጭነቱ 600 ኪሎ ደረሰ። ወንድ የደጋ አጋዘን ደግሞ ብቻውን ከ200 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። እንግዲህ ገዥው ፋብሪካው ለመኪናው የወሰነውን የጭነት ልክ ሳያነብ ብረት በብረት ላይ ቢጨምር የሚሰበረው ባሌስትራው ነው። ከባዱ ዕቃ ሁሉ ከታች፥ በሁለቱ እግሮች መካከል ይታሰር፤ በፖርቶመጋላው ላይ ብርድ ልብስና ድንኳን ይበቃዋል።

ከዕቃው ሁሉ የሚበልጠውና ገንዘብ የማይጠይቀው ግን አንድ ነው፤ በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱና በየትኛው ቀን እንደሚመለሱ ለቤተሰብና ለአካባቢው ሹም አስታውቆ መነሣት ነው። መኪናው ቢበላሽም ከአጠገቡ አይራቁ፤ ፈላጊ ከሰው ይልቅ መኪናን ቶሎ ያያል፥ ጥላውም ያድናል።

ስለ ጠመንጃውና ስለ ግዳዩ

በመኪና ውስጥ የሚቀመጥ ጠመንጃ ጥይት የጎረሰ መሆን የለበትም። ከአቧራ በሚጠብቅ ልባስ ገብቶ በማይናወጥ መደርደሪያ ላይ ይታሰር፤ ጥይቱ ለብቻው ይቆለፍ። ከመኪና ላይ ሆኖ መተኮስን የብዙ የአፍሪቃ አገሮች የአደን ሕግ ይከለክላል፤ ባይከለከልም እንኳ የአዳኝ ሙያ አይደለም። በመኪና የተሯሯጠ እንስሳ የሚወድቀው በአነጣጣሪው ብቃት ሳይሆን በሞተሩ ጉልበት ነውና ግዳይ ጣለ አያሰኝም። መኪናው ሰፈር ድረስ ያድርስ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእግር ሥራ ነው።

ሥጋ ሲጫንም በሞተሩ ኮፈን ላይ የሚያስር ሰው ራቱን ያበላሻል፤ ከሥር ሙቀት፥ ከላይ ፀሐይ ያገኘዋልና። ቶሎ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፥ በጥላ ቀዝቅዞ፥ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ አየር በሚያገኝበት ስፍራ ሌሊት ይጓዝ።

ፈቃድ ያልያዘ ሰው ግን ይህን ሁሉ ቢያሰናዳ ድካሙ ከንቱ ነው። በኢትዮጵያ ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 541 የወጣ ሲሆን፥ በ2000 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ የጦር መሣሪያም በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን ክልክል ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ከልክላለች፤ ታንዛኒያ ግን በፈቃድ ታስተናግዳለች፤ ድንበር የሚሻገር ሰው የየአገሩን ሕግ ይጠይቅ። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ አይገኝም፤ ቁጥሩም ተመናምኗል። መኪና የቀድሞው አዳኝ በእግሩ ሊደርስበት ያልቻለውን ጫካ ሁሉ ከፍቷልና፥ የዛሬው ባለ መኪና ከአባቱ የበለጠ ራሱን የመግታት ግዴታ አለበት።

እንግዲህ መኪና ለመግዛት ያሰብህ አንባቢ ሆይ፥ ወደ ሻጩ ስትሄድ ስንት ሰዓት ይሮጣል ብለህ አትጠይቅ፤ ሲሰበር ማን ይጠግነዋል ብለህ ጠይቅ። ከቤት ስትነሣም ምን ይዤ እመለሳለሁ ከማለትህ በፊት፥ በምን እመለሳለሁ በል። ግዳይ ሳይጥል በደኅና የተመለሰ አዳኝ በሚመጣው ዓመት ይወርዳል፤ ግዳይ ጥሎ በመንገድ የቀረ ግን ለቤተሰቡ የሚተርፈው ኀዘን ብቻ ነው።