የኮሞዶር 64 እና የስፔክትረም ቁልፍ ሰሌዳዎች አጠጋገን

እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ኮሞዶር 64 እና በዚያው ዓመት በብሪታንያ የወጣው ሲንክሌር ዜድኤክስ ስፔክትረም ኮምፒውተርን ወደ ተራው ሰው ቤት ካስገቡት መሣሪያዎች መካከል የሚጠቀሱ ሲሆን፣ ዛሬም በሰብሳቢዎች እጅ የሚሠሩት ጥቂት አይደሉም። የሰው ጣት ዘወትር የሚያርፍበት ክፍል ቁልፍ ሰሌዳው በመሆኑ ድካሙ ቶሎ ይታወቃል፤ ይሁን እንጂ በኮሞዶር 64 ላይ «ሞተ» የሚባለው ቁልፍ ብዙውን ጊዜ የተሰበረ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ንክኪው የደከመ ነው።

ኮሞዶር 64 ካሉት 66 ቁልፎች፣ ከሺፍት መቆለፊያው በቀር፣ በእያንዳንዱ ሥር ካርቦን የተቀላቀለበት፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ትንሽ ጎማ አለ፤ ቁልፉ ሲጫን ጎማው ከታች ባለው የሰርኪዩት ሰሌዳ ላይ የተለያዩትን ሁለት የካርቦን መስመሮች ያገናኛል። ለእያንዳንዱ ቁልፍ የተለየ ሽቦ ላለመዘርጋት ሲባል ከእነዚህ ቁልፎች 64ቱ 8 አግድምና 8 ቋሚ መስመሮች በሚቋረጡበት ፍርግርግ ላይ የተደረደሩ በመሆናቸው፣ ጠጋኙ ካቻቪቴ ከማንሳቱ በፊት የትኞቹ ቁልፎች አብረው እንደጠፉ ማየት ይኖርበታል። አንድ ቁልፍ ብቻውን እምቢ ካለ ጥፋቱ ከራሱ ንክኪ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ መስመር ላይ ያሉት ሁሉ አብረው ከጠፉ ግን መስመሩን፣ መሰኪያውን ወይም ቁልፎቹን የሚያነበውን 6526 የተባለ ቺፕ መመርመር ይገባል። የጨዋታ ዱላ፣ ማለትም ጆይስቲክ፣ የሚሰካበት አንደኛው በር ከቁልፍ ሰሌዳው ጋር መስመር ስለሚጋራ፣ የተበላሸ ጆይስቲክ ማንም ሳይነካ ፊደል ሊያስጽፍ እንደሚችልም መርሳት አይገባም።

ጥፋቱ ከንክኪው መሆኑ ሲረጋገጥ የቁልፎቹ ክዳኖች ቀጥ ተደርገው ይነቀላሉ፣ ሞላዎቻቸው ይሰበሰባሉ፣ ወደ ሺፍት መቆለፊያው የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ስታኞ ቀልጦ ይለቀቃሉ፤ ከዚያም በጀርባው ያሉት በርካታ ትናንሽ ብሎኖች ተፈትተው የሰርኪዩት ሰሌዳው ይነሳል። የካርቦኑ ንክኪም ሆነ ጎማው በአይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ ጥጥ በቀስታ መጠረግ ብቻ ይበቃዋል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው፤ ስስ የሆነውን የካርቦን ሽፋን ስለሚያነሳ ሊድን ይችል የነበረውን ሰሌዳ ለዘለቄታው ያበላሻል። ብሎኖቹ ሲመለሱም ያረጀው ፕላስቲክ እንዳይሰነጠቅ ከልክ በላይ ሊጠብቁ አይገባም።

የስፔክትረም ነገር ግን የተለየ ነው። በ40ዎቹ የጎማ ቁልፎች ሥር የተዘረጋው መስመር የታተመበት ስስ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ከእርሱ ወጥተው ከዋናው ሰሌዳ ጋር የሚሰኩት ሁለት ጥብጣቦች በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ስለሚታጠፉም ይሰነጠቃሉ። የተሰነጠቀ ጥብጣብ በጽዳት አይድንም፤ መፍትሔው ዛሬም አዲስ እየተመረተ በሚሸጠው መተካት ነው። ለዚህ ሥራ ከላይ የተለጠፈው የብረት ገጽ በፀጉር ማድረቂያ ሞቆ ማጣበቂያው ሲላላ በትዕግሥት መነሳት ያለበት ሲሆን፣ ቸኩሎ የሚስበው ሰው ያጣምመዋል፤ የተጣመመውን ብረት ወደ ቀድሞ ቅርጹ መመለስ ደግሞ ጥብጣቡን ከመተካት እጅግ የከበደ ነው።