ተጨማሪ መረጃ፦ የበረሃ አቧራና ቫኪዩም

ሻማል የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲነሳ፣ በአቡ ዳቢም ሆነ በአል አይን፣ መስኮት ተዘግቶ እንኳ ምንጣፍ ላይ ዱቄት የመሰለ አቧራ ይተኛል። እዚያ ቫኪዩም ሲገዛ ቀድሞ የሚታየው ማጣሪያው ነው። ሄፓ የተባለው ማጣሪያ በአሜሪካ መስፈርት 0.3 ማይክሮን ከሚያህሉ ብናኞች ቢያንስ 99.97 በመቶውን ይይዛል፤ ተራው ግን ደቃቁን በኋላው መልሶ ይተፋዋል (ታዲያ ቤቱ ተጠረገ ወይስ አቧራው ቦታ ቀየረ?)። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የመሳብ ጉልበቱን አይናገርም። ወደ አገር ቤት የሚላክ ከሆነ፣ የኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ይስማማዋል፤ የሚያስቸግረው ባለሦስት እግር ስፒናው ስለሆነ አዳፕተር አብሮ ይገዛ።