ከተፈጥሮ የተቀዱ ባለ ብዙ አገልግሎት የፋሽን ዕቃዎች፦ ዘላቂነታቸውና የንድፋቸው የሕግ ጥበቃ

ቦርሳ፣ ቀበቶ፣ ሻርፕ፣ ጌጣጌጥና የመሳሰሉት ከአልባሳት ጋር የሚያገለግሉ የፋሽን ማሟያ ዕቃዎች ናቸው። በዘርፉ የተሰማሩ ንድፍ አውጪዎችና አነስተኛ አምራቾች ከተፈጥሮ የተቀዳ፣ ከአንድ በላይ አገልግሎት የሚሰጥ ምርት ሲያዘጋጁ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው ምርቱ በእርግጥ ዘላቂ የሚሆነው እንዴት ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ንድፉን ሌላ ሰው ያለ ፈቃድ እንዳይገለብጠው ምን ማድረግ ይገባል የሚል ነው።

ከተፈጥሮ መቅዳት ሲባል

በቆዳ ላይ የአደይ አበባ ምስል ማተም ከተፈጥሮ የመቅዳት ቀላሉ መንገድ ነው። የበለጠ ጥቅም የሚገኘው ግን የተፈጥሮን አሠራር በመመርመር ነው። ለምሳሌ የእንሰት ግንድ የሚባለው ክፍል አንዱ ሌላውን አቅፈው ከተደራረቡ የቅጠሎች የታችኛ ክፍሎች የተገነባ ነው። ይህን አሠራር የተከተለ ንድፍ አውጪ፣ ሲታጠፍ የእጅ ቦርሳ፣ ድርቦቹ ሲዘረጉ ደግሞ የገበያ ዘንቢል የሚሆን ዕቃ ሊነድፍ ይችላል። ቆጮ ለማዘጋጀት እንሰት ሲፋቅ የሚቀረው ቃጫም ለዚሁ ቦርሳ ጥሬ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

ከተፈጥሮ መቅዳት ግን የዱር እንስሳትን አካል መጠቀም ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን የሚቆጣጠረው ስምምነት አባል የሆነችው በ1981 ዓ.ም. ነው። በመሆኑም የዝሆን ጥርስን ወይም የነብር ቆዳን ለጌጣጌጥ ማዋል በሕግ ያስጠይቃል። በአንጻሩ የከብት ቀንድና ቆዳ ከሥጋ ምርት የሚገኙ ተረፈ ምርቶች በመሆናቸው አማራጭ ይሆናሉ።

አንድ ዕቃ ለብዙ አገልግሎት

ይህ አስተሳሰብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። መቀነት ወገብ ይታሰርበታል፤ ገንዘብም ይቋጠርበታል። ነጠላም ለቤተ ክርስቲያን፣ ለለቅሶና ለሥራ አለባበሱ ይለያያል እንጂ ልብሱ ያው ነው። የሚጨመረው አገልግሎት ሌላ ዕቃ መግዛትን የማያስቀር ከሆነ ግን፣ ብዙ ማያያዣና ዚፕ መጨመር ዕቃው ቶሎ እንዲበላሽ ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም።

ዘላቂነት የሚወሰነው ምርቱ ከመሠራቱ በፊት ነው። በንድፍ ጊዜ የሚከተሉትን ማጤን ይገባል፦

• ቁርጥራጭ እንዲቀንስ የቆዳውን ወይም የጨርቁን አቆራረጥ አስቀድሞ ማቀድ፤
• ለመጠገን እንዲያመች ክፍሎችን በማጣበቂያ ከማያያዝ ይልቅ መስፋት፤
• ቶሎ የሚያልቁ እንደ ማንገቻና ዚፕ ያሉ ክፍሎችን የሚቀየሩ ማድረግ፤
• በአቅራቢያ የሚገኝ ጥሬ ዕቃን ማስቀደም።

ንድፉ እንዴት ይጠበቃል?

የእንሰት ቅርጽ የማንም የግል ንብረት አይደለም። ከዚያ ተነሥቶ የተሠራ አዲስ ንድፍ ግን በፈጠራ፣ በአነስተኛ ፈጠራና በኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ጥበቃ ያገኛል። ለዚህም ንድፉ አዲስና በተደጋጋሚ ለማምረት የሚያገለግል መሆን ይኖርበታል። በመሆኑም ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈን የጥበብ ጥለት ሳይለውጡ ማቅረብ የአዲስነትን መስፈርት አያሟላም።

ባለ ብዙ አገልግሎት ዕቃ የሚሠሩ ዜጎች ለይተው ሊያውቁት የሚገባ ነጥብ አለ። የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጥበቃ የሚሸፍነው የዕቃውን ገጽታ ነው፤ ቴክኒካዊ ውጤት ለማስገኘት ብቻ የገባን አሠራር አይሸፍንም። ከላይ በተጠቀሰው ቦርሳ፣ መልኩና የድርቦቹ ቅርጽ በኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ይመዘገባል። ቦርሳውን ወደ ዘንቢል የሚለውጠው የአከፋፈት ዘዴ ግን አዲስ ከሆነ በአነስተኛ ፈጠራነት የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ሊጠየቅበት ይገባል። አንዱን ብቻ ያስመዘገበ ሰው ሌላውን ያለ ጥበቃ ይተዋል።

የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ሰርተፊኬት ለ5 ዓመት የሚጸና ሲሆን፣ ንድፉ በኢትዮጵያ ሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ለሁለት ተጨማሪ የ5 ዓመት ጊዜያት ሊራዘም ይችላል። የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬትም ለ5 ዓመት ይጸናል፤ በተመሳሳይ ሁኔታ ለተጨማሪ 5 ዓመት ይታደሳል። ጥበቃው የሚሠራው በኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ በመሆኑ፣ ምርታቸውን ወደ ውጭ የሚልኩ አምራቾች በየመዳረሻ አገሩ ሕግ መሠረት ሊያመለክቱ ይገባል።

ማመልከቻ ከማቅረብ በፊት

ማመልከቻው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይቀርባል። አመልካቾች የንድፉን ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ፣ ንድፉ የሚያርፍበትን የዕቃ ዓይነት መግለጫና የተወሰነውን ክፍያ ያቀርባሉ። ለግልጋሎት ሞዴል ደግሞ የአሠራሩ ዝርዝር መግለጫ ያስፈልጋል።

ንድፉን በባዛር፣ በኤግዚቢሽን ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ አስቀድሞ መግለጥ አዲስነቱን ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ማመልከቻው ዕቃው ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት እንዲቀርብ ይመከራል። የመጀመሪያ ረቂቆችንና የተሠሩበትን ቀን የሚያሳዩ ማስረጃዎችን ጠብቆ ማቆየትም ወደፊት ክርክር ቢነሣ የባለ መብቱን አቋም ያጠናክራል።